አንድ ዶቃ የጎደለው ኦክቶፐስ

የኦክቶፐስ ማስተማሪያ ኪት የያዘው ሳጥን እንደደረሰኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ዶቃ መቁጠር ነው። ጤነኛ ሰው ኦክቶፐሱን ያስቀድማል። እኔ ግን የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ክዳኑ ላይ «168 ዶቃዎች» ተብሎ የተጻፈን ነገር ሳልቆጥር አላምንም። ቆጠርኩ፤ 167። አስር አስር እያደረግኩ ደገምኩት፤ አሁንም 167። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ፈለግኩ። ሳጥኑን አራገፍኩ። ከረጢቱ ጥግ ላይ ስፌቱ ላላ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ዶቃ ግን የለም። ዶቃዎቹ ቁጥር አላቸውና ተራ በተራ ስደረድራቸው የጠፋችው ቁጥር 91 ሆነች።

«ለአንዲት ዶቃ ይህ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ዕቃው የኦክቶፐስን ጂኖም (ሙሉውን የዘር መረጃ) እና ሥርዓተ ነርቭ ለማስተማር የተዘጋጀ ኪት ነው። ውስጡ የሲሊኮን ኦክቶፐስ አለ። ጭንቅላቱ በማግኔት ይከፈታል፤ አንዱ ክንድ ደግሞ ተነቅሎ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከዚያ የዶቃው ከረጢት፣ ነጠብጣብ የታተመበት ረጅም የወረቀት ጥቅል፣ 26 ቢጫ የጎማ ቀለበቶች እና አንዲት ቀጭን መመሪያ መጽሐፍ አሉ። ከቅሬታዬ ብዙውን የምትሸከመው መጽሐፏ ናት። የአምራቹን ስም አላነሳም።

ኦክቶፐሱ አሪፍ ነው። ጭንቅላቱን ስትከፍቱት አንጎሉ እንደ ቀለበት የምግብ ቱቦውን ከቦ ይታያል። ይህ የአምራቹ ፈጠራ አይደለም፤ እውነተኛውም እንስሳ እንዲሁ ነው። የሚውጠው ነገር ሁሉ በአንጎሉ መሃል ያልፋል። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር አንዷ ተማሪ ወዲያው እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ትልቅ ነገር ቢውጥስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ምንቃር ስላለው ይቆራርጣል፤ ምላሱም ላይ እንደ ሞረድ የሚፍቁ ጥርሶች አሉት። ቱቦው ክፍት መሆኑን ላሳያት ብዬ እርሳስ ከተትኩ። መሃል ላይ ያዘው፤ አያልፍም። አንጎሉ ጋ ሲደርስ ሆን ብለው አጥብበውት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ግን ቀሽም አሠራር ነው። ልጆች ፊት ማሳያ ሲያሳፍር ደስ አይልም።

ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ የእይታ ክፍሎች አሉ። መጠናቸው ከመሃሉ አንጎል ጋር ሲነጻጸር ትክክል ተሠርቷል፤ ብዙ ሥዕሎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ኦክቶፐስ ወደ ግማሽ ቢሊዮን የሚጠጋ ነርቭ ሴል አለው። አይጥ ያላት ወደ 70 ሚሊዮን ነው። የኦክቶፐስ የሩቅ ዘመድ የሆነችው አፕሊሲያ የተባለች የባሕር ቀንድ አውጣ ደግሞ 20,000 ገደማ ብቻ አላት። ከኦክቶፐስ ነርቭ ሴሎች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ያለው ክንዶቹ ውስጥ ነው።

መጽሐፏ ይህን ይዛ «ዘጠኝ አንጎል ያለው እንስሳ» ትላለች። እዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ክንዱ ብዙ ነገር በራሱ ይሠራል፤ ተቆርጦም ለንክኪ ምላሽ ይሰጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ሙከራ ኦክቶፐስ በዓይኑ እያየ አንድ ክንዱን ብቻ በመተላለፊያ ውስጥ መርቶ ምግብ ወዳለበት ሊያደርስ እንደሚችል አሳይቷል። አለቃውና ሠራተኞቹ ይነጋገራሉ ማለት ነው። ስምንት አለቃ ጨምሮ መቁጠር ለማስታወቂያ ይመቻል እንጂ ልክ አይደለም።

ክንዱን ስትሰነጥቁት መሃሉ ላይ የነርቭ ገመድ አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለስላሳ ነጭ ሲሊኮን። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህ ገመድ እንደ አንጓ የተከፋፈለ መሆኑን አሳተሙ። ነርቭ ሴሎቹ በዓምድ በዓምድ ተደርድረዋል፤ ወደ ጡንቻ የሚሄዱት ነርቮችና የደም ሥሮች የሚወጡት በክፍልፋዮቹ መካከል ነው። ክንዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ መምጠጫም በገመዱ ላይ የራሱ ካርታ አለው። ኪቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ አልፈርድበትም። ማርከር አንስቼ በራሴ እጅ መስመር አሰመርኩበት። አሁን ከአዲሱ የተሻለ ሆኗል።

ወደ ዶቃው ልምጣ። የኪቱ ነፍስ ያለችው እዚያ ነው።

እያንዳንዷ ዶቃ አንድ ጂን ናት። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ፕሮቶካድሄሪን ይባላሉ። እነዚህ ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ይቆማሉ። ሁለት ሴሎች ሲነካኩ የሚተያዩት በእነሱ ነው፤ እንደ ደረት ላይ መታወቂያ ቁጠሩት። በአይጥ ላይ እንደታየው አንድ ነርቭ ሴል የራሱን ቅርንጫፍ ከሌላው ሴል ቅርንጫፍ የሚለየው በዚህ መታወቂያ ነው። ካልለየ በገዛ ራሱ ላይ ይተበተባል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የካሊፎርኒያው ባለ ሁለት ነጥብ ኦክቶፐስ ጂኖም ታተመ፤ የመጀመሪያው የኦክቶፐስ ጂኖም ነው። ተመራማሪዎቹ 168 ፕሮቶካድሄሪኖች አገኙ። ዘመዶቹ ኦይስተርና የባሕር ቀንድ አውጣ ያላቸው ከ17 እስከ 25 ነው። የእኛ እንኳ የኦክቶፐስን ግማሽ አይሞላም።

መጽሐፏ ይህን ቁጥር ጽፋ ታልፋለች። እኔ ግን ዶቃውን ከፈልኩ። አንዱን ቡድን «ኦይስተር» አልኩና 20 ዶቃ ሰጠሁ። ሌላውን «ኦክቶፐስ» ብዬ ሙሉውን ከረጢት አስረከብኩ። ለእያንዳንዱ ነርቭ ሴል አምስት ዶቃ በክር ሰክታችሁ መታወቂያ ሥሩ፤ ሁለት ሴል አንድ ዓይነት መታወቂያ እንዳይኖረው አልኩ። ከዚያ ስንት የተለያየ መታወቂያ እንደሚወጣ በሒሳብ አሠራኋቸው። ከ20 ዶቃ አምስት ስትመርጡ 15,504 ዓይነት ይወጣል። ከ168 አምስት ስትመርጡ ከ1 ቢሊዮን ከ50 ሚሊዮን ይበልጣል። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አሁን የቁጥር 91 ነገር ይግባችሁ። ከ168 ወደ 167 ስትወርዱ ከ31 ሚሊዮን በላይ መታወቂያ ይጠፋል። ከአንድ ዶቃ! እኔ ያለ ምክንያት አልተነጫነጭኩም።

በእርግጥ ይህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ነው። አምስት አምስት እያሉ መስካት የእኔ ፈጠራ እንጂ የኦክቶፐሱ ሕግ አይደለም። ፍሬ ነገሩ ግን እጅ ላይ ይቀራል። ቤተሰብ ሲበዛ ቁጥር ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ መለያየት የሚቻልበት መንገድ ይበዛል።

መጽሐፏ የወደቀችው እዚህ ነው። ገጽ 9 ላይ በትልልቅ ፊደል «ብዙ ጂን፣ ብዙ ብልሃት» ትላለች። ኧረ በፈጠራችሁ! ሰው 20,000 ገደማ ፕሮቲን ሠሪ ጂን አለው። ኦክቶፐሱ ወደ 33,000። ስንዴ ከ100,000 በላይ አለው፤ ስንዴ ሲያስብ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ጉዳዩ ድምሩ አይደለም። የትኛው መደርደሪያ ነው የሞላው? ቅጂዎቹስ የት ነው ሥራ የያዙት? ኦክቶፐስ ላይ ያበጡት ጥቂት ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ከፕሮቶካድሄሪኖቹ ብዙዎቹ በብርታት የሚሠሩት ነርቭ ውስጥ ነው።

ለምን ኦክቶፐስ ይህን ያህል መታወቂያ አስፈለገው? መጽሐፏ አንድ ቃል የላትም። የ2015ቱ ጥናት ባለቤቶች ግን ደስ የሚል ሐሳብ አላቸው። የእኛ ነርቮች ማየሊን የሚባል የስብ መጠቅለያ ስላላቸው መልእክት በፍጥነት ሩቅ ይወስዳሉ። ኦክቶፐስና እንደ ስኩዊድ ያሉ ዘመዶቹ ማየሊን የላቸውም። ያለ ማየሊን ለመፍጠን ያለው አንዱ መንገድ ሽቦውን ማወፈር ነው። የስኩዊድ ግዙፍ አክሰን፣ ማለትም ረጅሙ የነርቭ ሽቦው፣ ውፍረቱ እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚደርሰው ለዚህ ነው። ሳይንቲስቶቹ ሆጅኪንና ሃክስሌይ የነርቭ ምልክት እንዴት እንደሚጓዝ የለዩት በእሱ ላይ ሠርተው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ኖቤል አስገኝቶላቸዋል። ግን ሁሉንም ሽቦ ማወፈር አይቻልም፤ ቦታ የለም። ስለዚህ ነርቭ ሴሎቹ ተጠጋግተው፣ ታጭቀው፣ ከጎረቤት ጋር መሥራት አለባቸው። በተጨናነቀ ሰፈር ማን ማን እንደሆነ መለየት ደግሞ መታወቂያ ይጠይቃል። ይህን ክፍል ውስጥ ስተርክ ዶቃ የያዙት ልጆች ክሮቻቸውን ቀና አድርገው ማየት ጀመሩ። አንድ አንቀጽ ነበር የሚበቃው፤ መጽሐፏ ውስጥ ግን የለም።

ሌላው ስህተቷ ከዚህ ይብሳል። «የኦክቶፐስ ጂኖም ሙሉ በሙሉ ሁለት ጊዜ ተባዝቷል» ትላለች። ድሮ እንደዚያ የሚገምቱ ነበሩ፤ የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ቅድመ አያቶች ላይ እንዲያ ሆኗልና። የ2015ቱ ጂኖም ግን ኦክቶፐስ ላይ ሙሉ መባዛት ለመኖሩ ምልክት አላገኘም። ፕሮቶካድሄሪኖቹ የበዙት ጎን ለጎን በመቀዳት ነው። ሦስት አራተኛ ያህሉ ዛሬም ጂኖሙ ላይ ተሰልፈው አጠገብ ላጠገብ ይገኛሉ። ስኩዊድም ብዙ አለው፤ ግን በራሱ መንገድ ነው ያበዛው። የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳትም እንዲሁ። ሦስት ቤት ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ እንደ ማለት ነው። እኔ በዚህ ነገር መገረም አልተውኩም።

እዚህ ላይ የደንበኛ አገልግሎታቸውን ላንሳ፤ ነገሩ ይገናኛል። ቁጥር 91 ጎድሎኛል ብዬ ጻፍኩላቸው። በትሕትና መለሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቅል መጣ። ከፈትኩት። አንድ ዶቃ ጠይቄ ሙሉ ከረጢት ላኩልኝ! ቆጠርኩት፤ 168፣ አልጎደለም። ሳቄ መጣ። መጽሐፋቸው ስለ ጂኖም የምትለውን ስህተት በጥቅል ሠርተው ላኩልኝ። አንድ ሲጎድል ሁሉንም መድገም! ኦክቶፐሱ ግን እንዲህ አላደረገም፤ የሚፈልገውን መደርደሪያ ብቻ ነው ያበዛው። ለማንኛውም ሁለቱን ከረጢቶች ይዤ ክፍል ገባሁና ልዩነቱን በዚያው አስተማርኩ። ለዚህ ኮከብ ልስጣቸው ወይስ ልንሳቸው ገና አልወሰንኩም።

የወረቀት ጥቅሉ ላይ ብዙ አልቆይም። 1,800 ያህል ነጠብጣብ አለው፤ ዚንክ ፊንገር ለሚባለው ቤተሰብ። የዚንክ ጣቶች በሉት፤ ዲኤንኤን ይዘው የትኛው ጂን እንደሚበራና እንደሚጠፋ የሚወስኑ ፕሮቲኖች ናቸው። አጥቢ እንስሳት ከ500 እስከ 700 አላቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጥቅሉን ወለል ላይ ዘርግታችሁ ርዝመቱን ታያላችሁ። ወረቀቱ ግን ስስ ነው። በሁለተኛው ቀን ሦስት ቦታ ተቀደደ፤ አሁን በፕላስተር ነው የሚኖረው።

ቢጫ ቀለበቶቹ ግን! ለዚህ ኪት የሚገባውን ሙገሳ ሁሉ ለእነሱ አስቀምጫለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በነርቭና በጡንቻ መካከል መልእክት የሚያደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል አለ። ይህን የሚቀበል ፕሮቲን በብዙ እንስሳት ውስጥ ይገኛል። የ2015ቱ ጂኖም ላይ እንግዳ ነገር ታየ። ኦክቶፐሱ የዚህን ተቀባይ ፕሮቲን ቅጂዎች አብዝቷል፤ ቅጂዎቹ ግን አሴቲልኮሊንን የሚይዙበት ቁልፍ ክፍል የላቸውም። በዚያ ላይ የሚሠሩት መምጠጫዎቹ ላይ ነው። እጀታ የሌለው በር መምጠጫ ላይ ምን ይሠራል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሃርቫርድ መጣ። የኒኮላስ ቤሎኖ ቤተ ሙከራ እነዚህ ፕሮቲኖች በንክኪ የሚቀምሱ መሆናቸውን አሳየ። ውኃ ውስጥ በደንብ የማይሟሙ፣ ዕቃ ላይ ተለጥፈው የሚቀሩ ሞለኪውሎችን ይለያሉ። ኦክቶፐስ ድንጋይ ሥር ክንዱን ሰዶ ሳያይ የነካው ሸርጣን ይሁን ድንጋይ የሚያውቀው እየቀመሰ ነው።

የነርቭ መልእክት ተቀባይ የነበረው ተቀድቶ ተቀድቶ፣ ቅጂው ምላስ ሆነ። የጂን ቤተሰብ መስፋፋት ምን እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ዋናው ቅጂ የድሮ ሥራውን ይዞ ይቀጥላል፤ ትርፉ ቅጂ ደግሞ ቢበላሽም የሚጎዳ ስለሌለ ሌላ ሥራ ይሞክራል። ኪቱ ይህን በቀለበት ያሳያል። 26ቱን ቀለበቶች ክንዱ መምጠጫዎች ላይ ታጠልቃላችሁ። እያንዳንዱ ቀለበት ውስጡ የተለያየ ሸካራነት አለው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ትለያላችሁ። አንድ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጦ የሚተኛ ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። 26ቱንም ሳይሳሳት ለየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት ወንበር ነው የሚቀመጠው።

የሚጎድለው ነገር አለ። ጂን ማብዛት አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ካትልፊሽ ከጂኑ የተገለበጠውን አርኤንኤ መንገድ ላይ ያርማሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ። በብዛት የሚያርሙት ደግሞ ነርቭ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ውኃው ሲቀዘቅዝ ያ ባለ ሁለት ነጥብ ኦክቶፐስ ከ13,000 በላይ ቦታዎች ላይ እርማቱን እንደሚጨምር አሳይቷል። ክረምት ሲመጣ ጽሑፉን ሳይነካ ንባቡን እንደ መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ ጥቃቅን ተቆጣጣሪዎች ኦክቶፐስ ላይ በ42 አዳዲስ ቤተሰቦች መጨመራቸው ታወቀ። ለእነዚህ አንድ ፖስታ ካርድ ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ቀጭኗ መጽሐፍ ውስጥ የኦክቶፐስ ቀልድ ለሚል ገጽ ቦታ ተገኝቷል።

ለማን ይሆናል? ለአስተማሪ ይሆናል፤ መጽሐፏን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ራሱ ለሚያስረዳ። ለትንንሽ ልጆች አልመክርም፤ ዶቃዎቹ ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጡም፣ ይዋጣሉ። ለብቻው ገዝቶ ከመጽሐፏ ልማር ለሚል ሰውም አይሆንም፤ ገጽ 9ን አምኖ ይቀራል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። ሁለት የቀነስኩት አንድ ለመጽሐፏ፣ ግማሽ ለወረቀቱ፣ ግማሽ ደግሞ ለቁጥር 91 እና ለዚያ እርሳስ ለማያሳልፍ ቱቦ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ የታከለ፦

ዛሬ ያ ከኋላ ይተኛ የነበረው ልጅ ኦክቶፐሱን አንስቶ በቱቦው እርሳስ ይገፋል። «አያልፍም ብዬሃለሁ እኮ» አልኩት። አልሰማኝም፤ ገፋ። የሆነ ነገር ጠብ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ቀይ ዶቃ። ቁጥር 91።

በመንገድ ላይ ሲናጥ ከከረጢቱ ቀዳዳ ወጥታ፣ በኦክቶፐሱ አፍ ገብታ፣ አንጎሉ መሃል ተቀርቅራ ነበር። እኔ ጠረጴዛ ሥር ስንበረከክ እሷ እዚያ ነበረች። «ቲቸር፣ ትልቅ ነገር ቢውጥስ?» ያለችው ልጅ እስካሁን እየሳቀች ነው።

አሁን 336 ዶቃ አለኝ። ለአምራቹ ይቅርታ ጽፌያለሁ። ግማሿን ኮከብ መልሻለሁ። ከረጢቱን ግን ይስፉት።